ሳናንኳኳ የገባንባት ክፍል

ክፉ ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ጽሑፍ ባያነበው ምንም አይጎድልበትም። እኔ የምጽፈው በመሥሪያ ቤታችሁ በጎ ነገር ለመጀመር ለምታስቡት ነው። እኔም እንደ እናንተ በቀና ልብ ነበር የተነሣሁት። ተጨብጭቦልኛል፣ የምስጋና ደብዳቤም ተጽፎልኛል። በዚሁ ቀና ልቤ ግን አንዲትን ሴት ከሥራዋም ከሕይወቷም ላሰናብታት ጥቂት ነበር የቀረኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የሠርግ መጥሪያ እናትማለን። ምድር ቤት ማሽኖቹ ሲያጓሩ ይውላሉ፣ አንደኛ ፎቅ ጥራዝ ክፍል ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እኛ የቢሮ ሰዎች አለን። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነኝ፤ ፈቃድ የምሰጠውም፣ ማስጠንቀቂያ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ሠራተኛው ፊት ለፊት "አለቃ" ይለኛል። ከኋላዬ ምን እንደሚለኝም አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልጽፈውም።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ለሦስት ቀን ሥልጠና ላኩኝ። ርእሱ መንፈሳዊነትንና ሰብአዊነትን ወደ ሥራ ቦታ ስለማምጣት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ከወረቀት ክምር ለመገላገል ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን አሠልጣኟ፣ "ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጸሎታችሁንና ርኅራኄያችሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ነው የምትወጡት?" ብላ ስትጠይቀን ልቤ ተነካ። እኔ ልጄ ሲያስነጥሰው የምደነግጥ ሰው፣ ቢሮ ገብቼ ግን የታመመ ሠራተኛ ሲመጣ የሐኪም ወረቀቱን እንጂ ፊቱን አይቼ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። መሥሪያ ቤታችንን ሳልለውጥ አልቀርም ብዬ እዚያው ለራሴ ቃል ገባሁ።

ተመለስኩና "የኅሊና ሰዓት" የሚል መርሐ ግብር አወጣሁ። በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት የቢሮ ሠራተኞች ተሰብስበን ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ እያንዳንዱ እንደየእምነቱ ይጸልያል፣ ከዚያ ስለ አንድ በጎ ነገር እንነጋገራለን። ማንኛውም ስብሰባ በሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይጀመራል። "አክብሮት"፣ "ቅንነት"፣ "ርኅራኄ" የሚሉ ጽሑፎችን በራሳችን ማሽን፣ በደህናው ወረቀት አሳትሜ በየግድግዳው አስለጠፍኩ። የቀረን አንድ ነገር ነበር፤ ክፍል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሜትር ይዘን ሕንፃውን ዞርን። ሁለተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። የንብረት መዝገቡ "የዕቃ ማስቀመጫ፤ ባልዲ፣ መወልወያ፣ ልዩ ልዩ" ይላታል። ስንከፍታት ባልዲዎቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ምስማር ላይ ሽርጥ ተሰቅሏል፣ መሬት ላይ የታጠፈ ካርቶን ተነጥፏል። ከካርቶኑ አጠገብ ፔርሙዝና የብስኩት ቆርቆሮ ነበሩ። ቆርቆሮውን በጫማዬ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ጥጥ ነገር አየሁበት። መስኮቷ ብርሃን ታስገባለች፣ ከማሽኑ ጩኸትም ርቃለች።

"ይቺ ናት!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ይሄን ሁሉ ዝባዝንኬ ግን ማን ሰበሰበው?"

"ሰኞ ይጸዳል" አልኳቸውና መለካት ጀመርኩ።

ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችንን ጠራኋት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አሥራ አንዱን ዓመት ከእኛ ጋር ነበረች። ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያልፍ መወልወያዋን ወደ ግድግዳ የምታስጠጋ ሴት ናት።

"እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥተሽ ጣይልኝ" አልኳት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ባልዲዎቹን ደረጃ ሥር አድርጊያቸው።"

ትንሽ ቆመች። የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር። ከዚያ "እሺ" ብላ ሄደች። ከአፍታ በኋላ ፔርሙዙንና ቆርቆሮውን በፌስታል ይዛ ስትወርድ አየኋት። የማን እንደሆኑ አልጠየቅኳትም።

ክፍሏ ነጭ ቀለም ተቀባች፣ ምንጣፍ ገባላት፣ ትራሶች ተገዙላት። መርሐ ግብሩ በድምቀት ተጀመረ፤ የምስጋና ደብዳቤው ያኔ ነው የተጻፈልኝ፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ሊጎበኙን ቀጠሮ የያዙ ነበሩ። ጥራዝ ክፍል ያሉት ተረበኞች "የእንቅልፍ ሰዓት" አሉት፤ እኔ ግን ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ችግሩ ጩኸት ነበር። አንዱ ደረጃውን ሲወጣ በጫማው ያንኳኳል፣ ሌላው በስልክ እየሳቀ ያልፋል። ስለዚህ እታለም በዚያች ግማሽ ሰዓት ደረጃው አናት ላይ ቆማ ሰው እንድትመልስ አዘዝኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ስንወጣ ደግሞ ክፍሉንና ኮሪደሩን ትወለውላለች። ደረጃ ላይ ተቀምጦ መብላት ክልክል መሆኑንም ጽፌ ለጠፍኩ፤ እንግዶች የሚያልፉበት ነዋ።

መቼ ነው የምትበላው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የምሳ ክበብ የለንም። የቢሮ ሰው በጠረጴዛው ላይ ይበላል፣ ማሽኒስቱ ከማሽኑ አጠገብ፣ ጠራዦቹ በረጅሙ ጠረጴዛቸው ዙሪያ። እታለም የት ትበላ እንደነበር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አስቤው አላውቅም።

ወር ሳይሞላ እታለም ተለወጠች። አንድ ቀን ከሰባት ሰዓት በኋላ ውኃ የሞላ ባልዲ የሠርግ መጥሪያ ክምር ላይ አስቀመጠችና ገለበጠችው። መጥሪያው ሁሉ ተበላሸ፣ ደንበኛው ጮኸ። ስጠይቃት የምትመልሰው ነገር የተምታታ ነበር። በቃል አስጠነቀቅኳት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ምክንያት ፈገግ ትላለች፣ ምላሷም ተሳስሯል። ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ አልኮል ነው። ደሜ ፈላ። በምሳ ሰዓት! ያውም እኛ የምንጸልይበት ክፍል በር ላይ!

"ጠጥተሻል?" አልኳት።

"አ... አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ትንሽ አዞረኝ። ያልፍልኛል፣ አለቃ።"

በዚያው ቀን "በሥራ ሰዓት ሰክራ በመገኘቷ" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋት። ፈርማ ስትቀበል እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። እኔ ያንን እንባ የጥፋተኛ እንባ አድርጌ ቆጠርኩት። ወሬው በማግስቱ ምድር ቤት ደረሰ፤ ማሽኒስቶቹ ስታልፍ እየተጠቃቀሱ መሳቅ ጀመሩ።

የጥራዝ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲያጣብቁ ስለኖሩ ጋሽ ሙጫ ይባላሉ። የሠራተኛው ተወካይም ናቸው።

"አሥራ አንድ ዓመት ያላየንባትን ዛሬ ጀመረች ነው የምትለኝ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ሽታውን በአፍንጫዬ ነው ያሸተትኩት። ደግሞ ጠይቄያታለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"ጠጥተሻል ወይ ብዬ።"

"እሱማ ፖሊስም ይጠይቃል። ምን ቸገረሽ ብለሃታል?"

"ሰው መውደድ ሌላ ነው፣ ሥርዓት ሌላ ነው" አልኳቸው። "ችግር ካለባት ኮሚቴ ፊት ትናገር።"

"ግድግዳው ላይ የለጠፍከውስ?"

ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ እግሯ ሲወላገድ ታየችና ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ ሙጫና እኔ ነን። የስንብት ደብዳቤውን አስቀድሜ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ የቀረው ቀንና ፊርማ ብቻ ነው። እንዲያውም መርሐ ግብራችንን አስቤ መጨረሻው ላይ "ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን" የሚል ጨምሬበታለሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን ርኅሩኅ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

ስብሰባው ሐሙስ ስድስት ተኩል ላይ ተቀጠረ። እታለም አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጥታ ኮሪደር ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይዘው ነበር፤ ስልኩ አላልቅ አለ። ሰባት ከሩብ ሲሆን አስገባናትና ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ወዝቷል። ፈርታ ነው አልኩ በሆዴ።

"እንደ ልማዳችን በሁለት ደቂቃ ጸጥታ እንጀምር" አልኩ። "ዓይናችንን እንጨፍን። ሁላችንም ከፈጣሪ ርኅራኄን እንለምን።"

ጨፈንኩ። እያስመሰልኩ አልነበረም፤ ከልቤ ነበር የምለምነው። ልቤን አራራልኝ፣ ሰው እንዳልበድል ጠብቀኝ እያልኩ ሳለ የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። የረበሸችን መስሎኝ ቅንድቤን ቋጠርኩ እንጂ ዓይኔን አልገለጥኩም።

"ስኳር!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሙጫ። "ስኳር አምጡ፣ ቶሎ በሉ!"

ዓይኔን ስገልጥ እታለም ከወንበሩ ተንሸራታ ጋሽ ሙጫ ክንድ ላይ ተደግፋለች። ልብሷ በላብ ርሷል። እሳቸው ከመጀመሪያውም አልጨፈኑም ነበር። ኋላ ስጠይቃቸው፣ "ሠላሳ ዓመት ከወረቀት መቁረጫ ጋር የኖረ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም" አሉኝ። ከሥራ አስኪያጁ የሻይ ትሪ ላይ ስኳሩን አነሡ፣ ሻዩ ውስጥ አራት ማንኪያ በጠበጡ፣ "ገና መዋጥ ትችላለች" እያሉ በትንሽ በትንሹ አጠጧት።

"ምን ሆና ነው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ስኳሯ ወርዶ ነዋ! ባለቤቴን ሃያ ዓመት አስታምሜያለሁ። ሲወርድባት ልክ እንደዚህ ነበር የሚያደርጋት። ጎረቤት ሁሉ ሰካራም ይላት ነበር።"

እጄ ላይ የያዝኩትን ደብዳቤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ፊቷ ተመለሰ። ጋሽ ሙጫ ከራሳቸው ምሳ ዳቦ አስመጡላትና በልታ እስክትጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ እኔ "መርፌ ትወስጃለሽ?" አልኳት።

"ኢንሱሊን። ይኸው ስድስት ዓመቴ።"

"ሽታውስ?"

"ከመውጋቴ በፊት በአልኮል ጥጥ እጠርገዋለሁ። ሐኪም ሰዓቱን እንዳላዛንፍ ስላዘዘኝ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እወጋለሁ፣ ስድስት ተኩል ላይ መብላት አለብኝ። ካልበላሁ ይጥለኛል። በፊት ክፍሏ ነበረችኝ። መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለው ፔርሙዝ አስቀምጠዋለሁ፣ እወጋለሁ፣ እበላለሁ፣ ካርቶኗ ላይ ትንሽ ጸልዬ እነሳለሁ። አሁን ሽንት ቤት ገብቼ ነው የምወጋው። እዚያ እንዴት ይበላል? ደሞ ያን ሰዓት ደረጃው ላይ ቁሚ ብለውኛል።"

"ትጸልዪ ነበር? እዚያ ክፍል ውስጥ?"

"ሌላ የት ልጸልይ? ሰው የማይገባበት እሱ ብቻ ነበር።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መንፈሳዊነትን ወደ ሕንፃው ላመጣ የሄድኩት እኔ፣ በሕንፃው ውስጥ ያለማስታወቂያ በየቀኑ የሚጸለይባትን ብቸኛ ክፍል ነበር ያፈረስኩት። ያውም ዕቃዋን በገዛ እጇ አስጥዬ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ጥያቄው ከአፌ እንደወጣ አፈርኩበት።

"ስቀጠር ሙሉ ጤነኛ ነኝ ብዬ ነው የፈረምኩት። ያኔ ነበርኩ። በኋላ ሲይዘኝ፣ ለሥራው ብቁ አይደለችም ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ልጄ ገና አልተመረቀችም፤ ያለ እኔ ማንም የላትም።"

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በእውነት አሳዛኝ ነው። ግን ክፍሏ እኮ በመዝገብ የማንም አልነበረችም፤ ባልዲና ልዩ ልዩ ነው የሚለው።"

"እሷም ልዩ ልዩ ውስጥ ናታ!" አሉ ጋሽ ሙጫ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግር ሲገጥማቸው ቶሎ ከዓይናቸው እንዲርቅ ይፈልጋሉ። "እንግዲህ ከታመመች በክብር እናሰናብታት። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን ጤና ብለህ ቀይረው። ሰው ሳይጎዳ ያልቃል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "እሺ ጌታዬ" እል ነበር። በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ተቃውሜያቸው አላውቅም። እታለም ዳቦውን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ያስፈራት ነገር በጆሮዋ እየተነገረ ነበር።

"አይሆንም" አልኩ። "በሽታውንማ ስድስት ዓመት ይዛው ሥራዋን ስትሠራ ነበር። ሥራዋን ያበላሸው እኔ ያወጣሁት መርሐ ግብር ነው። እሷን የምናሰናብት ከሆነ የእኔንም ደብዳቤ አብረው ይጻፉልኝ።"

"ተው እንጂ! ክፍሉንስ ምን ልናደርገው ነው? ሊጎበኙት የሚመጡ ሰዎች አሉ።"

"ለባለቤቷ እንመልሳታለን። ጎብኚዎቹም ከመጡ የደረሰውን እነግራቸዋለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቋቸውን አነሡና ሻዩ እንደሌለበት አዩ። "እሺ" አሉ፤ "አንተው ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል።"

በማግስቱ ትራሶቹን አወጣን። እታለምን ምን እንዲገባላት እንደምትፈልግ ስጠይቃት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ አለችኝ። ትንሽ ማቀዝቀዣ የጨመርነው እኛ ነን። የኅሊና ሰዓታችን አልቀረም፤ ወደ ጥራዝ ክፍል ወረደ፣ የፈለገ ይመጣል፣ ምሳውን የሚበላም እየበላ ይቀመጣል። ጸጥታውም እንደ በፊቱ አይደለም፣ ሰው ያላምጣል፣ ሰው ያስላል። እኔ ደግሞ በሥራ ሰዓት ከላይ እስከ ታች ሕንፃውን ዞርኩ፤ በዚህኛው ዙር ሜትር አልያዝኩም። ጥበቃው ፀሐይ ላይ እንደሚውል ያወቅኩት ያኔ ነው። ጥላው እስካሁን አልተሠራለትም፤ አልዋሻችሁም።

ማስጠንቀቂያዎቹ መሰረዛቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ በእጄ ልሰጣት ሄድኩ። በሩን ልገፋ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ሰበሰብኩትና አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እየበላሁ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁኝ።"

ጠበቅኩ። የሚያልፈው ሁሉ "አለቃ፣ ምን ሆነው ቆሙ?" ይለኛል። "እታለም እየበላች ነው" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ግራ ይጋባል። በመጨረሻ ከፈተችልኝና ደብዳቤውን አነበበች። ይቅርታም ጠየቅኳት።

"ይቅር ብዬዎታለሁ" አለች። "ግን በወረቀት የጻፉብኝን ነው በወረቀት የሰረዙልኝ። በአፍ የተወራብኝስ? ታች ስወርድ ይስቁብኛል። ልጄ ደመወዜን ልትቀበልልኝ የመጣች ቀን ሰምታለች፤ እናቴ ትጠጣለች እንዴ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ብቻ ሳትበላ አደረች።"

"ምን ላድርግ?"

"በሽታዬን መናገር ይችላሉ። ከእንግዲህ አልደብቀውም። ስሜን ግን ያጽዱልኝ።"

ምድር ቤት ወረድኩና ማሽኖቹን እንዲያቆሙልኝ ጠየቅኩ። በሥራ ሰዓት ማሽን የሚቆመው አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ ሃያ ሰባት ሰው በቀለም የጨቀየ እጁን እየጠራረገ ከበበኝ። ጋሽ ሙጫና ጠራዦቹም ከላይ ወረዱ። እታለም ደረጃው ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"እታለም ሰክራ አታውቅም" አልኩ ጮክ ብዬ። "ስኳር በሽታ አለባት። የምትበላበትን ቦታና ሰዓት ስለወሰድኩባት ነው ስትወድቅ ያያችኋት። ሰካራም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ወሬው የወጣው ከእኔ ወረቀት ነው። ስትስቁ የነበረው እሷ ላይ አልነበረም፤ በእኔ ውሸት ላይ ነበር።"

አንደኛው ማሽኒስት፣ ከሁሉም አብልጦ ሲስቅ የነበረው፣ ቆቡን አወለቀ። እታለም ደረጃውን ወርዳ በመካከላችን አልፋ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ባልዲዋን ሞላች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ተመለሰች። መንገድ ለቀቁላት።

ወገኖቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ጸሎት ይኑር፣ ጸጥታም ይኑር፤ እኔ ትቻለሁ አላልኩም። ነገር ግን ትራስ ከመግዛታችሁና ጥቅስ ከመለጠፋችሁ በፊት ሕንፃችሁን ሰው ባለበት ሰዓት ዙሩ፣ በሩን አንኳኩ፣ የሚወለውለውም የሚጠብቀውም የት ተቀምጦ እንደሚበላ ጠይቁት። መልሱን ካላወቃችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ገና ነው።